ካፕሱሉን ከመዋጥሽ በፊት

በእኛ አገር፣ በጎጃም፣ እርግዝና ሆድ ሳይገፋ አይወራም። ደብረ ኤልያስም ማቻከልም ጎዛምንም ልማዱ አንድ ነው፤ ሴቲቱ ታውቃለች፣ ምናልባት እናቷ ታውቃለች፣ ሌላው ሰው የሚሰማው ወገቧ ሲሰፋ ነው። ሐፍረትም አለበት፣ የሰው ዓይን መፍራትም አለበት፤ ልማዱን አልነቅፍም። ነገር ግን የጽንሱ ልብ፣ አከርካሪ፣ አንጎል፣ እጅና እግር የሚሠሩት በዚያው በሚደበቀው ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ብርድ ብርድ ቢልሽ ወይም ሽንት ቢያቃጥልሽ፣ መድኃኒት የሚሰጥሽ ሰው ማርገዝሽን ሳያውቅ ይሰጥሻል።

አብዛኛው አንቲባዮቲክ በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ ይወሰዳል። ጥቂቱ አይወሰድም፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ወሩ ነው። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያው እንዲለይ ግን አንቺ መናገር አለብሽ። ፈርቶ ጨርሶ አለመውሰድም መድኃኒት አይሆንም፤ ሳይታከም የቀረ ኢንፌክሽን ያስወርዳል፣ ያለ ጊዜ ያስወልዳል፣ እናትንም ይገድላል።

መጀመሪያ ተናገሪ

ጤና ኬላ ሂጂ፣ ጤና ጣቢያ፣ የግል ክሊኒክም ሆነ መድኃኒት ቤት፣ ከሕመምሽ ቀድሞ የሚነገረው «ነፍሰ ጡር ነኝ» ወይም «አጠባለሁ» የሚለው ነው። እርግጠኛ ካልሆንሽ «የወር አበባዬ ቀርቷል» በይ፤ የሽንት ምርመራው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ወረፋ ላይ ሰው ፊት መናገር ካሳፈረሽ «ለብቻዬ ላናግርሽ» ማለት መብትሽ ነው፤ ባለሙያም የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ ግዴታዋ ነው።

ከዚያ ስንት ወርሽ እንደሆነ ተናገሪ። የምታጠቢ ከሆነ የሕፃኑን ዕድሜ፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ ወይም ቢጫ ሆኖ እንደነበር ጨምሪ። ከዚህ በፊት መርፌ ወይም ክኒን ወስደሽ ሰውነትሽ አብጦ፣ አሳክኮሽ ወይም ትንፋሽ አጥሮሽ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አትርሺ፤ የፔኒሲሊን አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። መርፌ ከተወጋሽ በኋላም ወዲያው ተነሥተሽ መንገድ አትጀምሪ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዪ።

ባል ለሆንህ አንባቢ ደግሞ፦ ገበያ ውለህ ስትመለስ «ለሚስቴ ትኩሳት» ብለህ ካፕሱል ገዝተህ አትምጣ። አንቲባዮቲክ በሕጉ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። የሚሸጥልህ ብታገኝ እንኳ ያላያትን ሴት ሕመም በግምት ነው የሚሰጥህ። ይዘሃት ሂድ፤ የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩንም አትርሳ።

ትኩሳቱ የምን እንደሆነ ይታወቅ

የደብረ ኤልያስ ወረዳ ከከፍታው ተነሥቶ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሲያተኩሳት ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ለአረምም ይሁን ለአጨዳ ቆላ ወርደሽ አድረሽ ከነበረ በቅድሚያ የሚመረመረው ወባ ነው። ወባ በአሞክሳሲሊን አይድንም፤ ካፕሱል እየዋጥሽ ሁለት ሦስት ቀን ብትጠብቂ በሽታው ይጠናብሻል፣ ጽንሱም ይጎዳል። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው የወባ ምርመራ በጤና ኬላም ይሠራል።

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረስን የትኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም። ፓራሲታሞል፣ ትኩስ ነገርና ዕረፍት ይበቃሻል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ሂጂ።

«ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሻል» የሚለውን ቃል ያልሰማ ቤት የለም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚባለው ዊዳልና ዌል ፌሊክስ በሚባሉ የደም ምርመራዎች ተነሥቶ ነው። ሁለቱም ቀድሞ ያለፈ በሽታን ወይም ሌላ ተሕዋሲን እንደ አዲስ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ በአንድ ቀን ውጤት ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ይህ ነገር የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለእነዚህ በሽታዎች የተለመዱት ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን በእርግዝና የማይመረጡ ናቸው። «ወባዬ ታይቷል? ሽንቴስ?» ብለሽ ጠይቂ። በእርግጥም ታይፎይድ ከሆነ ሐኪሙ እንደ ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን ያሉ ለእርግዝና የሚሻሉ ምርጫዎች አሉት።

በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ግን ሊናቅ አይገባም። ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ የሚሰበሰብበት አገር ነው፤ ክረምት በጠባብ ጎጆ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ሲያድር፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ሳይታጠብ ሲቆይ ቅማሉም በሽታውም ይዛመታል። ትኩሳቱ ለቀናት አንቀጥቅጦ ይለቅቅና ተመልሶ ይመጣል። በነፍሰ ጡር ላይ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ ጽንሱን ያስወርዳል። የሚድነው በአንቲባዮቲክ ነው፤ ለነፍሰ ጡር በቴትራሳይክሊን ፈንታ ፔኒሲሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን ይሰጣል። ሕክምናው እቤት የማይሆንበት ምክንያት አለው፦ የመጀመሪያው መድኃኒት በገባ በሰዓታት ውስጥ ተሕዋሲው በብዛት ሲሞት ሰውነት በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ከዚያ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። በዚያ ሰዓት አጠገብሽ ባለሙያ መኖር አለበት። የቤተሰቡ ልብስም በፈላ ውሃ ይቀቀል፤ ካልሆነ በሽታው ይመላለሳል።

አሁን ወደ ሽንት። ሆድ እየገፋ ሲሄድ ማሕፀን የሽንት ቧንቧዎችን ይጫናል፣ በእርግዝና የሚጨምረው ሆርሞንም ቧንቧዎቹን ያላላል፤ ሽንት ሳይወርድ ይቆማል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል። አንዳንዴ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ያኔ ጎን ይወጋል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያስመልሳል፣ ምጥም ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ሽንትሽ መታየቱን አረጋግጪ። ሌላ ሰው ካልታመመ መድኃኒት አይወስድም፤ ነፍሰ ጡር ግን ባያምማትም በሽንቷ ባክቴሪያ ከተገኘ መታከም አለባት።

በዚያው ክትትል የቂጥኝ ምርመራ አለ። ከተገኘብሽ አትደንግጪ፣ ከክትትሉም አትጥፊ። በእርግዝና ጽንሱን በአስተማማኝ የሚያድነው ፔኒሲሊን ነው፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በመርፌ ይሰጣል። በሽታው ከቆየ መርፌው በሳምንት ልዩነት ይደገማል። ባልሽም አብሮ ይታከም፤ ካልታከመ መልሶ ያስይዝሻል።

ፖስታው ላይ ስሙ ይጻፍ

የመድኃኒት ፖስታዋ ትንሽ ወረቀት ናት። ፊቷ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው 1×3 ወይም 1×2 ብቻ ነው፤ አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስቴ፣ ወይም በቀን ሁለቴ ማለት ነው። የመድኃኒቱ ስም ካልተጻፈ ወይም ካልተነበበ «በአማርኛ ጻፉልኝ» በይ፤ ለስንት ቀን እንደሆነም ይጻፍ። በካፕሱሉ ቀለም አትመኚ። ቀለሙን የሚመርጠው ፋብሪካው ነው፤ «ያው ያ ቀይና ቢጫው» ብሎ መግዛት ሌላ መድኃኒት ያስውጣል።

በእርግዝና ለረጅም ዘመን የተመሰከረላቸው የፔኒሲሊን ቤተሰቦች ናቸው፦ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን። ሴፋሌክሲንና ሴፍትሪያክሶንም እንዲሁ። ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለባት ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ይታሰባል።

ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የሚጸኑት አጥንትና ጥርስ ላይ ነው። ከአራተኛው ወር ወዲያ የጽንሱ የወተት ጥርስ መጠንከር ሲጀምር ቴትራሳይክሊኑ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ልጁ ጥርስ ሲያበቅል ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ሳሙናና መፋቂያም አያስለቅቀውም። የዓይን ቅባቱን ግን ከካፕሱሉ ጋር አታምታቺው። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይከለከልም፤ ልጅሽ እንደተወለደም በጤና ጣቢያው ዓይኑ ላይ የሚቀባው እሱ ነው። በዞናችን በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው የትራኮማ ጥናት ለሕዝቡ አዚትሮማይሲን ሲታደል ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው ይኸው ቅባት ነበር። የትራኮማ ዘመቻ ሰፈርሽ ሲመጣ ለአዳዮቹ ማርገዝሽን ንገሪያቸው።

ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙ ሰው ባክትሪም የሚለው፣ ጽንስ ለአከርካሪውና ለአንጎሉ የሚፈልገውን ፎሊክ አሲድ ይሻማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይሸሻል። መውለጃ ሲቃረብ ደግሞ የሕፃኑን ቢጫነት ሊያባብስ ስለሚችል አይመረጥም። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖሪና በየቀኑ የምትወስጂው ከሆነ ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ያንቺ ጉዳይ ተመዝኖ የታዘዘ ስለሆነ ከክትትል ክፍልሽ ጋር ተነጋገሪ።

ስትሬፕቶማይሲን የጽንሱን ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል። ጀንታማይሲን ዘመዱ ነው፤ ቢሆንም ከባድ ኢንፌክሽን ሲገጥም ሆስፒታል ውስጥ ተመዝኖ ይሰጣል። ክሎራምፊኒኮልን መውለጃሽ ሲደርስም ስታጠቢም ራቂ። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባ፣ ለጃርዲያና ለማሕፀን ፈሳሽ የሚታዘዝ ነው፤ የተሠሩት ጥናቶች ጽንስን እንደሚያበላሽ ባያሳዩም ብዙ ባለሙያዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካላስገደደ አይሰጡትም። ናይትሮፉራንቶይን ለሽንት ጥሩ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን አይሆንም።

ሐኪም አንዳንዴ ከእነዚህ «አይመረጡም» ካልኳቸው አንዱን ሊያዝልሽ ይችላል። ከባድ ታይፈስ የያዛትን እናት ዶክሲሳይክሊን ሊያድናት ይችላልና። «ማርገዜን አውቀው ነው የሰጡኝ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ውሰጂ።

ሳታውቂ ወስደሽ ከሆነ

ወር አበባሽ መቅረቱን ሳትረጂ ለሳምንት ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮ ውጠሽ ቢሆንስ? ልብሽ አይሰንጠቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጽንሱ ጥርስ ገና አልተጀመረም፤ በአጭር ጊዜ የተወሰደ ሲፕሮም ጽንሱን በግልጽ ሲያበላሽ አልታየም። ለዚህ ብለሽ እርግዝናውን ለማቋረጥ አትቸኩዪ፤ ኮሶና ሌላ መራራ ነገር ጠጥተሽ «ላጥበው» ማለት ደግሞ ከካፕሱሉ የባሰ አደጋ ነው። ዛሬ አቁሚ፣ ፖስታውን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ መቼ ጀምረሽ ስንት ፍሬ እንደወሰድሽ ተናገሪ፤ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።

ሰዓቱ፣ ጾሙ፣ ጸበሉ

1×3 ማለት በየስምንት ሰዓቱ ነው፦ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። በቀን ሁለቴ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለቱን ባንዴ መዋጥ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ሲያልቅ ባክቴሪያው ትንፋሽ ያገኛል።

ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ ከሆንሽ የስምንት ሰዓቱ ፍሬ ከዘጠኝ ሰዓት ጾም ጋር ይጋጫል። ብዙ እናቶች እሱን ዝም ብለው ይዘሉታል፤ ለማንም አይናገሩም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለታመመ ማላላት ሥልጣናቸው ነው። ከዚያም ካልሆነ ባለሙያውን «በቀን ሁለቴ የሚወሰድ አለ ወይ?» በይ፤ ብዙ ጊዜ አለ። ጸበልም ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። ጸበል ገብተሽ ካፕሱሉን ቤት ትተሽ አትሂጂ፤ ይዘሽው ሂጂ፣ በሰዓቱ ዋጪው።

በክትትል የተሰጠሽን የደም ማነስ ክኒን፣ ብረትና ፎሊክ አሲዱን፣ አታቁሚ። ከአሞክሳሲሊን ጋር ችግር የለውም። ሲፕሮ ወይም ዶክሲሳይክሊን በሐኪም ታዝዞልሽ ከሆነ ግን ብረቱ መድኃኒቱን ስለሚይዘው ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው። ከዋጥሽ በኋላ ወዲያው ካስመለሰሽ ጠይቀሽ ድገሚው። ሲሻልሽም እስከ ታዘዘልሽ ቀን ድረስ ጨርሺ።

ሳታድሪ የምትሄጂባቸው

የሽርት ውሃ ምጥ ሳይመጣ ከፈሰሰ፤ የሚፈሰው ከሸተተ፤ ትኩሳት ከሆድ ቁርጠት ጋር ከመጣ፤ ጽንሱ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፤ ከወለድሽ በኋላ ብርድ ብርድ ካለሽና ደሙ ከሸተተ። ውሃው ከዘጠኝ ወር በፊት ሲፈስ ሐኪሞች ኤሪትሮማይሲን ይሰጣሉ፤ አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለውን ግን በዚህ ጊዜ አይሰጡም፣ ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን አንጀት ሊያቆስል ይችላልና። ስለዚህ ቤት ያለ ካፕሱል ውጠሽ አትጠብቂ። ከባዱን የሚቀበለው ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጎጃም በነበረው ጦርነት መንገድ መዘጋቱን፣ አምቡላንስ መጥፋቱን የማታውቅ እናት የለችም፤ ስለዚህ መውለጃሽ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ቀደም ብለሽ ግቢ።

አራስ ስትሆኚ

አንቲባዮቲክ ጀመርሽ ተብሎ ልጅ ከጡት አይነጠልም። «መርዙ በወተቱ ያልፍበታል» ብለው የላም ወተት ወይም ስኳር ውሃ የሚሰጡ አማቶች የሚያመጡት ተቅማጥ መድኃኒቱ ከሚያመጣው ይበልጣል። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው የአሞክሳሲሊን፣ የክሎክሳሲሊን፣ የሴፍትሪያክሶንና የአዚትሮማይሲን መጠን ለሕፃን ከሚታዘዘው እጅግ ያነሰ ነው። ሜትሮኒዳዞልም በተለመደው መጠን አጥቢ፤ ወተቱ ትንሽ ሊመርር ይችላል። 2 ግራም ባንዴ ከወሰድሽ ብቻ ከ12 እስከ 24 ሰዓት እያለብሽ ድፊው፣ ከዚያ ተመለሺ። ኮትሪሞክሳዞል ልጁ ቢጫ ከሆነ ወይም ያለ ጊዜው ከተወለደ አይሁን። ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ሌላ ከሌለ ለአጭር ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ፤ ክሎራምፊኒኮል ግን አይወሰድም።

ልጁን ተመልከቺ፦ አንጀቱ ሊላላ ይችላል፤ ምላሱ ላይ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ቢጣበቅና ስትጠርጊው ባይለቅ ፈንገስ ነው፣ መድኃኒት አለው፤ ሽፍታ ካየሽ አሳዪ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ልጁ ከጠወለገ አትጠብቂ።

ጡት ሲቆጣ፣ ሲቀላና ሲነድ፣ ብዙ አራሶች በዚያ በኩል ማጥባት ያቆማሉ። ወተቱ ሲታቆር ሕመሙ ይብሳል፣ መግልም ይቋጥራል። ከታመመው ጡት አጥቢ፤ ልጁን አይጎዳውም። ቢያምሽም በእጅሽ አልቢው፣ ከማጥባትሽ በፊት በሞቀ ጨርቅ ያዢው። በአንድ ቀን ካልተሻለሽ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የተለመደው ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ ለ10 ቀን ነው። መግል ከቋጠረ ግን ካፕሱል ብቻ አይበቃውም፣ በባለሙያ መፍሰስ አለበት። በእሾህና በምላጭ አታስነኪው።

ሕፃኑ ራሱ መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ በአንቺ ወተት ውስጥ የሚያልፈው ጥቂት መድኃኒት አያድነውም። እሱ የራሱ መርፌ ያስፈልገዋል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ላልቻለ ጨቅላ ጀንታማይሲንና አሞክሳሲሊን በጤና ኬላ እንዲሰጡ ተደርጓል። ይህን ማወቅ መንገድ በተዘጋ ቀን ልጅ ያተርፋል።

የተረፈውን ምን ታደርጊዋለሽ

ካፕሱል ፈትቶ ቁስል ላይ መነስነስ፣ የልጁን ለራስ፣ የጎረቤትን ለራስ ማድረግ፣ በየሳጥኑ ሦስት አራት ፍሬ ማቆየት በየቤቱ አለ። በእንዲህ ያለ ቁርጥራጭ አወሳሰድ የሚለምዱት ባክቴሪያዎች ከእናት ወደሚወለደው ልጅ ይተላለፋሉ፤ ጨቅላው ሲታመም የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

የበሬውንና የላሟን መድኃኒትም ከሰው መድኃኒት ለይተሽ አስቀምጪ። ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን የቴትራሳይክሊን ወገን ነው። ላሟ ከተወጋች የእንስሳት ሐኪሙ «ወተቷ እስከዚህ ቀን አይጠጣ» ያለውን ቀን ጠብቂ፤ ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም።

የተረፈ ካለሽ ዶሮና ሕፃን በሚደርስበት አትጣይ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጫት። ባዶ ፖስታውን ግን ከክትትል ካርድሽ ጋር አጥፈሽ አስቀምጪው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ አዋላጇ «ምን ወስደሽ ነበር?» ስትልሽ አውጥተሽ ታሳያታለሽ።